ወጣትን ከሱስ የሚጠብቀው ኳሱ ነውን?

ስለ እግር ኳስ የሚናገሩ ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛው ወገን፣ ይልቁንም ከሽማግሌዎችና ከካህናት ብዙዎቹ፣ ኳስ ልጅን ከትምህርትና ከቤተ ክርስቲያን የሚያርቅ፣ ጫማ የሚጨርስ፣ ጠብ የሚያመጣ ሥራ ፈትነት ነው ይላሉ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ይህም ዛሬ እየበረታ የሄደው ነው፣ ወጣትን ከጫት፣ ከአረቄ፣ ከሐሺሽና ከማስቲሽ የሚያድነው ኳስ ነው፤ ሜዳ ይሠራ፣ ኳስ ይገዛ፣ የቀረው በራሱ ጊዜ ይስተካከላል ይላል። ሁለቱ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ። ሁለቱም ለኳሱ ለራሱ ኃይል ይሰጡታል፤ አንዱ የማጥፋት፣ ሌላው የማዳን። ተሰፍቶ ነፋስ የተሞላ ቆዳ ግን ማንንም አያጠፋም፣ ማንንም አያድንም። ስለዚህ መመርመር የሚገባው፣ በሜዳ ላይ አድጎ ከክፉ የተጠበቀ ወጣት በተገኘ ጊዜ የጠበቀው በውነቱ ምንድር ነው? የሚለው ነው።

ነገሩ ለክርክር ያህል ብቻ የተነሣ አይደለም። ገንዘብ የሚያዋጣ ማኅበር፣ የደብሩን ባዶ ቦታ ለልጆች የሚለቅ አለቃ፣ ልጁን ወደ ሜዳ የሚልክ አባት፣ መልሱን ሳያውቁ ቢሠሩ ድካማቸው ከንቱ ሊሆን ይችላል። ከዚህም የከፋ አለ፤ ልጁን አሰናድተው ለሌላ እጅ ሊያስረክቡት ይችላሉ።

ጨዋታ ራሱ ኃጢአት ነው የሚለው አሳብ በቀደሙት አባቶች ዘንድ ጽኑ መሠረት የለውም። የአፍሪቃው ሊቅ አውግስጢኖስ በኑዛዜያቸው መጽሐፍ፣ ልጅ ሳሉ ኳስ በመውደዳቸው ይገረፉ እንደ ነበር ይናገራሉ። ጥፋታቸውንም አይሸሽጉም፤ ነገር ግን ገራፊዎቹ ታላላቆች ራሳቸው በሌላ ጨዋታ ተይዘው ሳሉ የእነርሱ ጨዋታ ሥራ ተብሎ መጠራቱን አስተውለው ያልፋሉ። አባ እንጦንስም ከወንድሞች ጋር ሲጫወቱ አይቶ ቅር የተሰኘውን አዳኝ፣ ቀስቱን ደጋግሞ እንዲለጥጥ አዝዘውት፣ አብዝቼ ብለጥጠው ይሰበራል ባለ ጊዜ የሰውም ነገር እንዲሁ ነው ብለው እንደ መለሱለት በአበው ዜና ይነገራል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ከሩጫ ሜዳ ምሳሌ ለመውሰድ አላፈረም። ይህ ሁሉ ጨዋታን ከኵነኔ ያወጣዋል እንጂ አዳኝ አያደርገውም። ከእነርሱም አስቀድሞ አሪስጣጣሊስ፣ ጨዋታ ሰው ለሥራ ኃይል እንዲያገኝ የሚያርፍበት ነው እንጂ የሕይወት ፍጻሜ ሊሆን አይችልም ብሎ ነበር።

ኳስን ለነፍስ ጥበቃ መሣሪያ ማድረግ አዲስ ነገር የሚመስላቸው ሰዎች ወደ ማንችስተር ከተማ መለስ ብለው ቢመለከቱ ይገረማሉ። በዚያች ከተማ ዌስት ጎርተን በሚባለው የሠራተኞች ሰፈር፣ በ1870ዎቹ መጨረሻ (የውጭው አገር ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) ሥራ ያጡ ወንዶች ጊዜያቸውን በመጠጥ ቤት ያሳልፉ፣ ጎረምሶቹም በየመንገዱ ተቧድነው በቀበቶ ዘለበት ይፋለሙ ነበር። የሰፈሩ የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ ቄስ አርተር ኮኔል ነበሩ። ልጃቸው ወይዘሪት አና ኮኔል ለሠራተኞች የምሽት ስብሰባ አቋቋመች። በቤተ ክርስቲያኑ አገልጋዮች ርዳታም በበጋ ክሪኬት፣ በክረምት እግር ኳስ የሚጫወት ቡድን ተቋቋመ። በጽሑፍ የተገኘው የመጀመሪያ ግጥሚያው በኅዳር ወር 1880 ከማክልስፊልድ ከመጣ የአንድ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ቡድን ጋር የተደረገው ነው፤ የቅዱስ ማርቆስ ልጆች 2 ለ 1 ተሸነፉ።

በሊቨርፑል ኤቨርተን በ1878 የተነሣው እንዲሁ ከአንድ የሜቶዲስት ጸሎት ቤት ነው። በግላስጎም ሴልቲክን ወንድም ዋልፍሪድ የተባሉ መነኵሴ ከ1887 ጀምረው ያቋቋሙት ለድሆች ልጆች ምሳ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ነበር።

የዌስት ጎርተኑ ቡድን በ1887 አርድዊክ፣ በ1894 ማንችስተር ሲቲ ተባለ። ዛሬ በዓለም ካሉት ባለጸጎች ክለቦች አንዱ ነው፤ ከ2008 ጀምሮም ባለቤቶቹ የአቡ ዳቢ ሰዎች ናቸው። ይህን ታሪክ የሚያነብ ካህን፣ እነሆ ቤተ ክርስቲያን የዘራችው ዘር እንዲህ አደገ ብሎ ደስ ሊለው ይችላል። ነገር ግን ደስታው መመርመር ይገባዋል። ቄሱና ልጃቸው የፈለጉት በመጠጥ ቤት ደጃፍ የሚቆመውን ሰው ነበር። ክለብ ሲያድግ የሚፈልገው ግን በፍጥነት የሚሮጠውንና ግብ የሚያገባውን ነው። ሁለቱ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ አንድ ሰው ይሆናሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን አይሆኑም። ቡድኑ ማሸነፍን መቍጠር በጀመረ ቀን፣ የተሠራለት ያ ሰካራም ሠራተኛ ከተጫዋችነት ወደ ተመልካችነት ይዛወራል። እያደርም የመግቢያ ዋጋ መክፈል ያቅተዋል። በዚህ ማንም የተለየ ጥፋት አላደረገም፤ የነገሩ ጠባይ እንዲህ ስለ ሆነ ነው። ይህንኑ ጠባይ ሳያውቁ ቡድን ማቋቋም ግን ጥፋት ነው።

ኳሱ በራሱ አያድንም የሚለውን ነገር ከሁሉ ይልቅ ግልጥ አድርጎ የሚያሳየው የኮሎምቢያ አገር የሜደሊን ከተማ ነው። በከተማይቱ ዙሪያ በተራራ ላይ በተሠሩት የድሆች መንደሮች ለልጆች የኳስ ሜዳ ያሠራ፣ በሌሊትም እንዲጫወቱ የኤሌክትሪክ መብራት ያስገባ አንድ ሰው ነበር። ሕፃናት ያመሰግኑት፣ እናቶች ይመርቁት ነበር። በቆሻሻ መጣያ ላይ ይኖሩ ለነበሩ ቤተ ሰቦችም ቤት ሠርቶ ሰጠ፤ በ1982 ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምትክ እንደራሴ ሆኖ ተመረጠ። ይህ ሰው ፓብሎ ኤስኮባር፣ ኮኬይን የተባለውን አደንዛዥ ዕፅ በመነገድ በዓለም የታወቀው ወንበዴ ነው።

ሜዳው እውነተኛ ሜዳ ነበር፤ ኳሱም እውነተኛ ኳስ። በመብራቱ ሥር የሚጫወተው ልጅም በዚያች ሰዓት ከክፉ ነገር ርቆ ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን ከእነዚሁ መንደሮች በሞተር ብስክሌት እየሄዱ ሰው የሚገድሉ ጎረምሶች ይመለመሉ ነበር። በ1991 በሜደሊን ከ100,000 ሰው 380 ያህሉ በነፍሰ ገዳይ እጅ ሞተዋል፤ ይህን ያህል ደም በሰላም ጊዜ የፈሰሰባት ከተማ በዚያን ዘመን አልነበረችም። ኤስኮባር ራሱ በታኅሣሥ 2 ቀን 1993 በቤት ጣራ ላይ ሲሸሽ ተገደለ። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ከእርሱ ጋር በስም እንጂ በዘር የማይገናኘው የብሔራዊው ቡድን ተከላካይ አንድሬስ ኤስኮባር፣ በዓለም ዋንጫ ከአሜሪካ ጋር ሲጫወቱ ኳሷን በስሕተት በራሱ ግብ ላይ ስላገባ፣ ወደ አገሩ ተመልሶ ሳለ በሐምሌ 2 ቀን 1994 በሜደሊን በጥይት ተመታ። ዕድሜው 27 ነበር።

እንግዲህ ሜዳ መሥራት ብቻውን ልጅን የሚጠብቅ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ የተጠበቁት የሜደሊን ልጆች በሆኑ ነበር። ወንበዴው የሰጠው ሜዳና ደግ ሰው የሚሰጠው ሜዳ ስፋታቸውም፣ ሣራቸውም አንድ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ሰጪው ከልጁ በሚፈልገው ነገር ላይ ነው። ኤስኮባር ከልጁ በዚያን ሰዓት ምንም አልጠየቀውም፤ እንዲያመሰግነው ብቻ ፈለገ። ከሁሉ የሚያስፈራው ስጦታ ይህ ነው። ምንም ሳይጠየቅ የተቀበለ ልጅ ባለ ዕዳ ሆኖ ያድጋል፤ የዕዳውም መክፈያ ቀን ሲደርስ የሚጠየቀው ነገር ከአቅሙና ከሕሊናው በላይ ይሆናል።

አንድሬስ ኤስኮባር ከሞተ በኋላ በዚያው ከተማ ዩርገን ግሪስቤክ በተባሉ ጀርመናዊ አነሣሽነት፣ ኳስ ለሰላም የተባለ ሥራ ተጀመረ። በዚህ ጨዋታ ወንዶችና ሴቶች ተቀላቅለው ይሰለፋሉ፤ የየቡድኑን የመጀመሪያ ግብ ሴት ካላገባች አይቈጠርም፤ ዳኛም የለም። ከጨዋታው በፊት ልጆቹ ተቀምጠው በምን ሥርዓት እንደሚጫወቱ ይስማማሉ፤ ካበቃም በኋላ ተቀምጠው ስምምነቱን ማን እንደ ጠበቀ፣ ማን እንዳፈረሰ ይፈርዳሉ። በጠመንጃ አፍ ብቻ ፍርድ ሲሰጥ ያየ ጎረምሳ፣ ያለ ዳኛ ጥፋቱን በባልንጀራው ፊት ሲያምን ምን ያህል እንደሚከብደው መገመት አያስቸግርም። ሜዳው ያው የሜደሊን ሜዳ ነው። ከልጁ የተጠየቀው ነገር ግን ተለወጠ።

ወደ አገራችን ቀረብ ያለ ምሳሌ በናይሮቢ ይገኛል። ማታሬ በምትባለው፣ ቤቶቿ በቆርቆሮና በጭቃ ተጠጋግተው በተሠሩት መንደር፣ ቻንጋ የተባለው በስውር የሚወጣ አረቄ ይጠመቃል፤ የናይሮቢ የጎዳና ልጆችም ረኀባቸውን ለመርሳት የጫማ ማጣበቂያ በጠርሙስ ይዘው ያሸታሉ። ይህ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ማስቲሽ የሚባለው ያው ነው። በ1987 ቦብ መንሮ የሚባሉ የካናዳ ሰው፣ በየስርቻው ከላስቲክና ከገመድ በተሠራ ኳስ ለሚጫወቱት ልጆች አንድ ውል አቀረቡ፦ እናንተ የምታደርጉት ነገር ካለ እኛም እናደርጋለን፣ እናንተ ምንም ካላደረጋችሁ እኛም ምንም አናደርግም የሚል። በዚህ ውል የማታሬ ወጣቶች ስፖርት ማኅበር ተመሠረተ። በመንደሩ ውስጥ ማንም የማያነሣው ቆሻሻ ተከምሮ፣ ውሃ መውረጃው ተደፍኖ፣ በሽታ ይነሣ ነበር። ስለዚህ አካፋና ጋሪ ይዞ ወጥቶ መንደሩን የጠረገ ቡድን 6 ነጥብ ያገኛል ተብሎ ተደነገገ፤ ይህም አንድ ግጥሚያ በማሸነፍ ከሚገኘው ይበልጣል። በኳስ ጎበዝ ሆኖ ቆሻሻ መጥረግ የናቀ ቡድን ዋንጫ አያገኝም። በዕድሜ ከፍ ያሉት ወጣቶች ደግሞ ታናናሾችን በማሠልጠን፣ በመዳኘትና በመምከር ነጥብ ያጠራቅማሉ፤ ለነጥቡ የሚሰጠው ገንዘብ በእጃቸው ሳይገባ ለትምህርት ቤታቸው ይከፈላል። ከዚሁ ማኅበር በ1994 የወጣው ማታሬ ዩናይትድ የተባለው ቡድን በ2008 የኬንያን ሊግ አሸነፈ። ነገር ግን ከዋንጫው ይልቅ አካፋው ይበልጥ ይነገርለታል፤ የሚገባውም ነው።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። ልጁ የሚጠርገው ለነጥብ ብሎ ከሆነ ይህ ቅጥር ነው እንጂ በጎነት አይደለም የሚል። ተቃውሞው ለፍልስፍና ተማሪ ጥሩ መልመጃ ነው። ነገር ግን ልጅ ዳዊት የሚደግመው በመጀመሪያ መምህሩን ፈርቶ ወይም ቆሎ ተሰጥቶት ነው፤ ቃሉ የሚጣፍጠው በኋላ ነው። የማታሬም ልጅ በመጀመሪያው ቅዳሜ ለ6 ነጥብ ይጠርጋል። ባሥረኛው ቅዳሜ ከመስኮት ሆና ስታየው የነበረች አንዲት ባልቴት ስሙን ጠርታ ታመሰግነዋለች። የሱሰኛ ትልቁ መከራ፣ ዕፁ ሰውነቱን ማድከሙ ብቻ አይደለም፤ እርሱ ባይኖር በማንም ዘንድ የሚጐድል ነገር አለመኖሩ ነው። ቢሞት ሰፈሩ የሚያርፍበት ሰው፣ አልኖርም ቢል ማን ይፈርድበታል? አሥራ አንድ ተሰላፊ በሚያስፈልግበት ቦታ ግን አንዱ ቢቀር ይታወቃል። አካፋውን የሚይዝ ሲጠፋም ይታወቃል። እንግዲህ የተጠየቀው ነገር መልሱ በዚህ አጠገብ ነው፤ ወጣቱን የሚጠብቀው እርሱ የሚጠበቅ መሆኑ ነው።

በብዙ አገር የተደረጉትም ምርመራዎች ለኳስ ብቻ የሚታመኑትን ያሳፍራሉ። ስፖርት የሚሠሩ ወጣቶች ከማይሠሩት ይልቅ አደንዛዥ ዕፅን ሲያርቁ ይታያሉ፤ መጠጥን ግን ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ አብልጠው ይጠጣሉ። ምክንያቱ ስውር አይደለም፤ ድል ያደረገ ቡድን ሲጠጣ፣ የተሸነፈውም ሲጠጣ ሁሉም አይቷል። አይስላንድ የተባለችው ትንሽ አገር ይህን ነገር በጥንቃቄ መርምራለች። በ1998 ከ15ና ከ16 ዓመት ልጆቿ 42 በመቶዎቹ በአንድ ወር ውስጥ ሰክረው እንደ ነበር ተናገሩ፤ በ2016 ቍጥሩ ወደ 5 በመቶ ወረደ። በዚህ ዘመን ውስጥ የስፖርት ማኅበራት በተማሩ አሠልጣኞች ተመርተዋል፤ የየከተማው አስተዳደርም ለልጆቹ መዋጮ ገንዘብ ረድቷል። ነገር ግን ወላጆችም ተፈራርመው ልጆቻቸውን በማታ ከቤት አላወጡም፤ ሕጉም ሕፃናት እስከ ሌሊት በመንገድ እንዳይቆዩ ከልክሏል። ከሁሉ የሚደንቀው ይህ ነው፦ በማኅበር ታቅፈው በአሠልጣኝ ፊት የሚጫወቱት ልጆች ከመጠጥ ሲጠበቁ፣ ያለ ማኅበር ተሰብስበው ያንኑ ጨዋታ የሚጫወቱት አልተጠበቁም።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይመጣል፤ ይህን ሳይመልስ ቡድን የሚያቋቁም ሰው ከባዱን ወደ ሜዳው ዳር ትቶ ቀላሉን ይሠራል። ከልጆቹ አንዱ ቅሞ ወይም አጢሶ ዓይኑ ቀልቶ ወደ ልምምድ ቢመጣ ምን ይደረጋል? አሠልጣኙ ቢያስወጣው ሃያውን ልጆች ከመጥፎ ምሳሌ አዳነ፤ ነገር ግን ሜዳው የተሠራለትን ያንኑ አንዱን አባረረ። ቢያቈየው ደግሞ የቀሩት፣ ሕጉ ለስሙ ነው ብለው ይንቁታል፤ አሳዳጊዎቻቸውም ልጆቻቸውን ያስቀራሉ። ዘጠና ዘጠኙን በጎች ትቶ አንዱን ፍለጋ የሄደው እረኛ ለካህናት የታወቀ ነው፤ ነገር ግን እረኛው የጠፋውን በግ ሲፈልግ ተኵላውን ወደ በረቱ ይዞ አልመጣም።

የተሻለው መንገድ ከጨዋታው መከልከልንና ከቡድኑ መከልከልን መለየት ነው። በዚያ ቀን አይሰለፍም፤ ይህ ሊታለፍ አይገባውም። ነገር ግን ሜዳውን ጥሎ አይሄድም፤ ውሃ ይቀዳል፣ መለያውን ያጥባል፣ መስመሩን በኖራ ያሰምራል። ከጨዋታው በኋላም አሠልጣኙ ቤቱ ድረስ ይሸኘዋል። በነገሩ የደከመ ሰው ይህን ያህል ጊዜ ከየት ይመጣል ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ ጊዜው ከኳሱ ዋጋ እጅግ ይበልጣል። ኳስ በአንድ ቀን መዋጮ ይገዛል፤ ልጅን በየማታው የሚሸኝ ሰው ግን በመዋጮ አይገዛም። ለዚህ ነው የበጎ አድራጊዎች ስጦታ ብዙውን ጊዜ ኳስ የሚሆነው። ማጢቃት የያዘ ሰው ደግሞ ኳስም ሽኝትም አይበቃውም፤ ሐኪም ያስፈልገዋል። ይህንንም የማያውቅ አሠልጣኝ ሕመምተኛውን በወቀሳ ሊገድለው ይችላል።

በአገራችን ጨዋታና ሃይማኖት ተጣልተው የኖሩ አይደሉም። በገና ቀን ሎሌና ጌታ በአንድ ሜዳ ሲጋፉ ኖረዋል። በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ወጣቶች የተመሠረተው አንጋፋው ክለብም ስሙ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ በመቀመጫው ላይ የሚሰማው ስድብ ግን ሁልጊዜ ስሙን የሚመስል አይደለም። የጨርቅ ኳስ ያልመታ የከተማ ልጅ ማግኘት ያስቸግራል። ዛሬ ግን የሰፈር ሜዳ ለሕንጻ እየተሰጠ ጠብቧል፤ በየመንገዱ ዳር ጫት የሚሸጥበት ሱቅ በዝቷል። በአንዳንድ ቦታ ሜዳውና ሱቁ አጥር ለአጥር ናቸው፤ ከልምምድ የወጣ ልጅ ወደ ቤቱ የሚሄደው በሱቁ ደጃፍ ነው። ግጥሚያ በእሑድ ጧት በቅዳሴ ሰዓት እየተደረገ ካህናት ቅር የሚሰኙትም በምክንያት ነው። ቅሬታቸው ትክክል ቢሆንም፣ ልጁን ስለ ሰዓቱ ከመገሠጽ በፊት ሰዓቱን የሚወስነው ማን እንደ ሆነ ጠይቆ ከእርሱ ጋር መነጋገር ይቀላል። የሰንበት ትምህርት ቤት ያላቸው ደብሮች ሁሉ በሰፈሩ ያሉትን ልጆች በስም የሚያውቁ ወጣቶች አሏቸው፤ ይህም ከሜዳው የሚበልጥ ሀብት ነው።

አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። አደጋው የሚበረታው በ10 ዓመት ልጅ ላይ አይደለም። የሚበረታው 17 ወይም 18 ዓመት ሞልቶት ለታዳጊዎች ቡድን ዕድሜው ባለፈ፣ ለትልቁ ክለብ ደግሞ ችሎታው ባልደረሰ ጎረምሳ ላይ ነው። እስከ ትናንት ተጫዋች ተብሎ ይጠራ ነበር፤ ዛሬ ግን በከሰዓት በኋላ የሚሄድበት ቦታ የለውም። የጫት ቤቱ ሰዓት ደግሞ ከልምምዱ ሰዓት ጋር አንድ ነው። አብዛኞቹ ቡድኖች በዚህ ጊዜ መለያውን ተቀብለው ያሰናብቱታል። በማታሬ ግን እንዲህ ላለው ወጣት የሚሰጠው ፊሽካ ነው፤ የሚዳኛቸውም፣ የሚያሠለጥናቸውም ታናናሾች አሉ፤ እርሱ ካልደረሰ ጨዋታው አይጀመርም።